«ስንተኛ ወጣ?»

በእኛ አገር ስለ ስፖርተኛ ሲወራ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?» ይህን ያስለመደን ሩጫ ነው። ከአበበ ቢቂላ ዘመን ጀምሮ ሬዲዮ ከፍተን፣ በኋላም ቴሌቪዥን ከበን ስንጠብቅ የኖርነው የመጨረሻዋን ዙርና ወርቋን ነው። ብር ያመጣውን እንኳ «ምን ነካው?» እንላለን። አራተኛ የወጣማ ከነስሙ ይረሳል።

ይህንኑ ጥያቄ ሰሞኑን እኅቴ ጠየቀችኝ። እኅቴ የምትኖረው ተወልደን ባደግንበት በመካነ ሰላም፣ ደቡብ ወሎ ቦረና ውስጥ ነው። ባለቤቷ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። የበኩር ልጇ 10ኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት መልስ እንጨት የሚፈልጠው፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው፣ ታናናሾቹን የሚያስጠናው እሱ ነው። ይህ ልጅ ታዲያ በቅርቡ «ብስክሌተኛ ነው የምሆነው» አላት። ለመዝናኛ ሳይሆን ለእንጀራ ማለቱ ነው። በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት እየወሰደ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ላይ ሲለማመድ እንደከረመም ጎረቤት ነገራት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የላትም።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ በስልክ፤ «ልጄ ጽጋቡ፣ ጽጋቡ እያለ ሞተ። አንተ ጋዜጣ ታነባለህ። ይህ ጽጋቡ የሚባለው ሰው ስንተኛ ነው የወጣው? በዚህ ሥራ ሰው ይኖርበታል? የማያዋጣ ከሆነ ቁርጡን ነግረህ አስተውልኝ።»

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። መልሱን ግን በአንድ ቁጥር መናገር አልቻልኩም። ለእሷ ያስረዳኋትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ውድድሮቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚታወቁ ዓመቶቹን በዚያው እጽፋለሁ።

ጽጋቡ ግርማይ በ1991 መቀሌ ተወለደ። መቀሌ በአገራችን የብስክሌት ስፖርት ሥር የሰደደባት ከተማ ናት። በ2012 ኤምቲኤን ኩቤካ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀላቀለ። ኩቤካ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋ «ወደፊት መሄድ» ማለት ሲሆን፣ ለገጠር ተማሪዎች ብስክሌት የሚያዳርስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ነው። በ2014 በታይዋን ዙር ውድድር አንዱን ቀን አሸነፈ። በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ ወደሚባለው የጣሊያን ቡድን ተዛወረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016፣ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክም የአገሩን ማልያ ለብሶ ተወዳደረ። ከዚያ በ2017 ባህሬን ሜሪዳ፣ በ2018 ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የአውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ቀጠሩት። ይህ የመጨረሻው ቡድን በኋላ ስሙን ቢቀይርም ጽጋቡ እስከ 2022 ድረስ አብሮት ቆይቷል።

ቁጥሩን እንደምረው። ከ2015 እስከ 2022 ስምንት ዓመት ነው። ስምንቱንም ዓመት የሠራው ወርልድ ቱር በሚባለው፣ ከሃያ የማይበልጡ ቡድኖች ብቻ ባሉበት ከፍተኛ እርከን ላይ ነው። ቡድን ሲፈርስ ወይም ስፖንሰር ሲቀየር ብዙ ብስክሌተኛ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። እሱን ግን አንዱ ሲለቅቀው ሌላው ወስዶታል።

«ታዲያ ስንተኛ ወጣ?» አለች እኅቴ፤ አልለቀቀችኝም።

ቱር ደ ፍራንስን አላሸነፈም። እንዲያሸንፍም አልተቀጠረም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ2016ቱ ቱር ደ ፍራንስ 198 ብስክሌተኞች ተነሱ፤ 22 ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ሰው ይዘው። ውድድሩ 21 ቀን የሚነዳበት፣ በድምሩ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ነው። የዚያ ዓመት ረጅሙ ቀን 237 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እንደማደር ማለት ነው፣ ያውም በእግር ጉልበት፣ በማግስቱም ለመድገም። ከዘጠኙ የቡድን አባላት መካከል ለአጠቃላይ ውጤት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የቀሩት ስምንቱ የደመወዛቸው ምክንያት ያ አንድ ሰው ነው።

ምን ያደርጉለታል? አንደኛው ጠላታቸው ነፋስ ነው። ከፊት የሚነዳ ሰው ነፋሱን በደረቱ ይገፋል። ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ደግሞ ጉልበቱን እስከ ሲሶ ድረስ ሊቆጥብ ይችላል። ስለዚህ አጋዦቹ በተራ ከፊት እየሆኑ ለመሪያቸው እንደ ግድግዳ ይቆሙለታል። ውኃ ሲያልቅ አንዱ ወደ ኋላ ይቀርና ከቡድኑ መኪና ሰባት ስምንት ኮዳ ተቀብሎ በማልያው ውስጥ ይወሽቃል፤ ከዚያ ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ ጥሎት የሄደውን ጭፍራ አሳድዶ ይደርስና ያከፋፍላል። የመሪው ጎማ ቢተነፍስ የራሱን ጎማ ፈትቶ የሚሰጥ አለ። መሪው ወድቆ ቢዘገይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ እየጎተተ የሚመልሰው አለ። ተራራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበታቸውን ጨርሰው ዝግ ይላሉ፤ መሪው ከዚያ በኋላ ብቻውን ይወጣል። ካሜራው የሚያሳየን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

በዚያ ዓመት የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን መሪ የደቡብ አፍሪካው ልጅ ሉዊስ ሜንትጂስ ነበር። ከዚያ በፊት በኤምቲኤን ኩቤካ ከጽጋቡ ጋር አብሮ የነበረ ነው። ሜንትጂስ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ሆኖ ፓሪስ ገባ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። ብስክሌተኞቹ ግን ስምንተኝነቱ የቡድኑ ሁሉ መሆኑን ያውቁታል። በዚህ ስፖርት የቆየ ልማድም አለ፤ መሪው የሚያሸንፈው የሽልማት ገንዘብ ለጓደኞቹ ይከፋፈላል።

ይህን ለእኅቴ ለማስረዳት ከአገራችን ነገር ራቅ ማለት አላስፈለገኝም። «ወንፈል ታውቂያለሽ አይደል?» አልኳት። «ዛሬ የእኔን ታርሳለህ፣ ነገ የአንተን አርሳለሁ። ከፊት እየተቀያየሩ ነፋስ መግፋት ወንፈል ነው። ለመሪው የሚደረገው ደግሞ ደቦ ነው። ሃያ ሰው ያጨደው ጤፍ የሚገባው በአንድ ሰው ጎተራ ነው፤ ‹ስንተኛ ወጣህ?› ብሎ አጫጁን የሚጠይቅ ግን የለም። በርትቶ አጭዷል ወይስ ለግሟል፣ የሚታየው እሱ ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «እህ! እኔ ነኛ!» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። እኔ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ስማር በየወሩ በአውቶቡስ የሚመጣልኝን ስንቅ የምትቋጥረው እሷ ነበረች። በሶው፣ ቆሎው፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ቅቤ። ወላጆቻችን ሲያረጁ ከአጠገባቸው የቀረችው፣ እናታችንን አስታማ የቀበረችው እሷ ናት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመረቅ ፎቶው ላይ ያለሁት ብቻዬን ነኝ። ስንት ቤት ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ፎቶ የተሰቀለው? ጋዋን ከለበሰው ልጅ ጀርባ ነፋስ የገፋች አንዲት እኅት፣ አንድ ወንድም፣ አንዲት አክስት አለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሸክሙን የያዙትን መቁጠር ግን ብዙም አልለመድንም።

በብስክሌትም ቢሆን አልቆጠርናቸውም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ውስጥ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ አንዱ ገረመው ደንቦባ ይባላል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የመንገድ ውድድሩ የቡድን ውጤት የሚሰላው የሦስት ሰዎች ደረጃ ተደምሮ ነበርና የኛዎቹ 9ኛ ወጡ። ገረመው በ1960ም ሮም ላይ ተወዳድሯል። ሮምን የምናውቀው ግን በአበበ ብቻ ነው። በአበበ መኩራታችን ትክክል ነው። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዲራውን ይዘው ከሄዱት መካከል ብስክሌተኞች እንደነበሩ ልጆቻችን ቢያውቁ ምን ይጎድልብናል?

ወደ ልጁ ልመለስ። ስልኩን ከእናቱ ተቀብሎ «አብሽር ጋሼ፣ እኔ ደጋ ነው ያደግኩት» አለኝ። ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የ2016ቱ ቱር ደ ፍራንስ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ በአንዶራ የሚገኘው የኤንቫሊራ መተላለፊያ ሲሆን ከፍታው 2,408 ሜትር ነው። አውሮፓውያኑ ትንፋሽ አጥሯቸው የሚወጡት የዚያ ዓመት ጣሪያ፣ የእኅቴ ልጅ ደብተር ይዞ ከሚመላለስበት ሜዳ ያነሰ ነው ማለት ነው። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ጎጃም የሚያሻግረው መንገድ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። ያን ወርዶ መልሶ ለሚወጣ ሰው ከዚያ የተሻለ የተራራ ትምህርት ቤት የለም።

ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ብስክሌተኛ አያደርግም። ቢያደርግማ ዳገት በሞላባት አገራችን ከየወረዳው አንድ ጽጋቡ በወጣ ነበር። ሯጭ ጫካ ገብቶ ብቻውን ቢለማመድ እንኳ የሆነ ቦታ ይደርሳል። ብስክሌት ግን ከመቶ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠግቶ፣ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እየበረሩ፣ የፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ከአንተ የፊት ጎማ አንድ ክንድ ርቆ ሳለ ፍሬን ያለመያዝ ትምህርት ነው። ይህ የሚገኘው በውድድር ውስጥ ብቻ ነው። መቀሌ ጽጋቡን ያፈራችው ክለብ ስላላት፣ ውድድር ስላላት፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይና የሚተች አዋቂ ስላላት ነው። ከዚያም ቀጥሎ በየደረጃው የሚቀበለው ሰው ነበረው። መካነ ሰላም ያላት ዳገቱን ነው። መሰላሉ ገና አልተተከለም።

መሰላል ሲኖር ደግሞ አንዱ የወጣበትን ሌላው ይወጣበታል። ጽጋቡ በ2022 ከለቀቀው የአውስትራሊያ ቡድን፣ አሁን ጃይኮ አልኡላ ከሚባለው፣ በ2023 የተቀላቀለው ሌላ ኢትዮጵያዊ፣ ወላይ ሐጎስ ነው። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የመንገድ ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ ተወዳድራለች። የእኅቴ ልጅ የጽጋቡ ወንድም ይመስለው የነበረው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ (የአባታቸው ስም ቢገጥምም ዘመዳሞች አይደሉም) በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። እሱም ቢሆን በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነፋሱን እየገፉ ያደረሱት ጓደኞች ነበሩት። በ2025 የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሂዷል። ሩዋንዳም እንደ እኛው ዳገት የበዛባት አገር ናት፤ ብስክሌት ላይ ግን ብዙ ዓመት በትዕግሥት ሠርታለች።

አንድ ሌላ ነገርም በልቤ አለ፤ ብናገረው ይሻላል። ጽጋቡ የመቀሌ ልጅ ነው፤ ይህ ብላቴና የወሎ። በ2020 መጨረሻ ጦርነቱ ሲነሳ መቀሌ ስልክ ተቋረጠ፤ ውድድሩም ሥልጠናውም ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ እኔም የእኅቴን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁባቸው ሳምንቶች ነበሩ። እዚህም እዚያም እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተጨንቀዋል። ዛሬ የመካነ ሰላም ልጅ የመቀሌን ልጅ ስም እየጠራ «እንደ እሱ እሆናለሁ» ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል። ልጁ ሰውየውን ያየው በዳገቱ ነው፤ በሌላ ነገር አላየውም። እኛ አዋቂዎቹ ይህን ብንማርለት መልካም ነው።

እንግዲህ ለእኅቴ ቁርጡን ንገረኝ ላለችው ምን ልመልስ? «ይተው» ብዬ ልነግራት አልፈለግኩም። «ይያዘው፣ እንጀራ ይሆነዋል» ማለትም አይቻልም። ከአገራችን ልጆች እዚያ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሞከሩት ሁሉ የሚበቃ ቡድን የለም። አንድ ደህና የውድድር ብስክሌት የሚጠይቀው ገንዘብ የእኅቴን የዓመት ገቢ ያልፋል። በዓለም አቀፉ ሕግ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች መመዘን አይፈቀድለትም፤ ክብደቱን እዚያ ለማድረስ የሚወጣውን ገንዘብ ሳስብ ይገርመኛል። ልጁ የሚከራየው ብስክሌት በአንጻሩ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው፣ ብቻውን ለማንሳት የሚከብድ ብረት ነው።

ስለዚህ ሦስታችን በስልክ ተደራደርን። ትምህርቱ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ አይነካም፤ ይህን እናቱ ጠየቀች፣ እሱም ተስማማ። የራስ ቁር ሳያደርግ ኮርቻ ላይ አይወጣም። ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት ስለሆነ፣ አብሮት የሚሄድ ትልቅ ሰው ከሌለና መንገዱም ሰላም ካልሆነ አይወርድም። ዳገት ከፈለገ በሌላው አቅጣጫ ሞልቷል። ሲመረቅም ልቡ እዚያው ከሆነ፣ ክለብና ውድድር ወዳለበት ከተማ ልኬ የምችለውን ያህል አግዛለሁ።

ብስክሌቱን የመግዛት ተራ የእኔ ነበር። ለአንድ አዲስ ብስክሌት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። ጽጋቡ በሙያው ዘመን ያደረገውን ሳስብ ግን አንድ ብስክሌት መግዛት ልክ አልመሰለኝም። ብቻውን የሚነዳ ልጅ ከማን ጀርባ ይጠጋል? ለማንስ ውኃ ያቀብላል? ሲደክመው ማን ከፊት ይሆንለታል? ስለዚህ በገንዘቡ ሁለት ያገለገሉ፣ ማርሽ ያላቸው ብስክሌቶች ልገዛ ወሰንኩ። አንዱ ለእሱ፣ ሌላው ከእሱ ጋር ለሚማረው የጎረቤት ልጅ። በኋላ ሦስተኛ ልጅ ቢጨመር፣ አራተኛም ቢመጣ፣ ለመካነ ሰላም ቡድን የሚባል ነገር የሚጀመረው እንደዚህ ይመስለኛል።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ቅር አለው፤ አዲሱን ነበር የጠበቀው። «ጋሼ፣ ሁለታችን እኩል ከሆንን ማን ይቀድማል?» አለኝ።

«አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እሱ» አልኩት። «የጎበዝ ብስክሌተኛ ወግ እንደዚያ ነው።»

እኅቴ ከኋላ ሆና ትሰማ ኖሯል። ስልኩን ተቀበለችውና «እሱስ ይሁን፤ ሁለት መሆናቸው ለእኔም ይሻለኛል፣ አንዱ ቢወድቅ አንዱ ይጠራኛል» አለች። «ብቻ ወንድም ጋሼ፣ ፍሬናቸውን አንተ ራስህ ሞክረህ ላክ።»